ጥያ ከእድር ዳኛ ጋር

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ለጥያ ጉዞ ሁለት የተራራ ምርኩዝ፣ ባለ ጥርስ ጫማና ለሳምንት የሚበቃ በሶ ይዞ መጣ። ራስ ዳሽን የምንወጣ መስሎት አይደለም። ከአስፋልቱ እስከ ጥያ ትክል ድንጋዮች ያለው መንገድ አንድ ጀበና ቡና ሳይፈላ የሚያልቅ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ብቻ «የእግር ጉዞ» ከተባለ በባዶ እጅ አይኬድም ባይ ነው።

አጎቴ ጋሼ ደግሞ ከዘራቸውን ብቻ ይዘዋል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው፤ መቃብር ነክ ጉዳይ ሁሉ ያገባቸዋል።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለም ገናን አልፈን፣ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን። እዚያ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የተጠረበ የድንጋይ መሣሪያ ሞልቷል፤ በመኪና መስኮት አይታይም እንጂ። ከጥያ ከተማ ወርደን በማሳና በእንሰት መሀል ስንሄድ ባልደረባዬ ምርኩዞቹን ዘርግቶ ሳይጨርስ ደረስን። ፊቱ ላይ የተበደለ ሰው ቅሬታ ነበር።

ድንጋዮቹ 36 ናቸው፤ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደቆሙ ይገመታል። የግራኝ ድንጋይ የሚሏቸውም አሉ፤ ኢማም አህመድ ግን የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። በአገራችን ባለቤቱ የጠፋ ትልቅ ድንጋይ ሁሉ ለግራኝ ይሰጣል፤ ሰውየው ይህን ሁሉ ሲተክሉ መቼ ተዋጉ?

አስጎብኚው ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ጎራዴዎች እያሳየ፣ «አንድ ጎራዴ አንድ የተገደለ ጠላት ነው ይባላል» አለን። ባልደረባዬ መቁጠር ጀመረ። ጋሼ ግን ረጅሙ ድንጋይ አጠገብ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠዋል።

«ይሄ ስንት ሜትር ነው?»

«ሳይሰበር 5 ሜትር ገደማ ነበር፣ አባባ።»

«ማን ተሸክሞ አመጣው?»

«አይታወቅም።»

«የኔ አባላት እንዳልሆኑ ይታወቃል! አግዳሚ ወንበር መልሱ ሲባሉ እንኳ ወገባቸውን ያማቸዋል።» ከዚያ መዋጮው ስንት እንደነበር፣ የቀረ ሰው ምን ያህል ይቀጣ እንደነበር ጠየቁ። አስጎብኚው ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። እኔም ሳስበው ከጎራዴ ቆጠራው ይልቅ የጋሼ ጥያቄ ይበልጣል። ጎራዴ አንድ ቀራጭ ይቀርጻል፤ ያን ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ አቁሞ የሚሄድ ሕዝብ ግን የስም ዝርዝር ያልቀረለት ትልቅ እድር መሆን አለበት።

በቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር ሰው ተቀብሮ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ ወጣቶች። ይህን ሲሰሙ ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ እድር ዳኝነታቸው ተመለሱ። የዛሬው መቃብር እብነ በረድ፣ ባለ ቀለም ፎቶና አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ አለው፤ የልጆቹ ስም ከነሚኖሩበት አገር ይዘረዘራል። እነዚህ ስም እንኳ የላቸውም። «ለጸሐፊ አልከፈሉም» አሉ ጋሼ፣ በአድናቆት።

ባልደረባዬ በዚህ መሀል ስልኩን አወጣ። ስልኩ እርምጃ ይቆጥራል፤ የዕለቱ ግቡ 10,000 ነው። የደረሰበትን አየና ፊቱ ጠቆረ። ምርኩዞቹን ጨብጦ በአጥሩ ዙሪያ መሽከርከር ያዘ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ፣ አቧራውን እያስነሳ።

ዘበኛው ለጥቂት ጊዜ ሲያየው ቆየና ወደ ጋሼ ተጠጋ።

«አባባ፣ ልጁ ስለት አለበት እንዴ?»

«ስለት እንኳ የለበትም» አሉ ጋሼ፤ «ውዝፍ ነው ያለበት።»