ስድስት ክሊክ ለአንድ ዎርድ

የሥራ ባልደረባውን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አብሮት ምሳ መብላት አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም እንዴት እንደሚከፍት ከኋላው ቆሞ ማየት ይበቃዋል። አንዱ ዴስክቶፑን ግጥም አድርገው ከሞሉት ምልክቶች መሀል፣ «ኒው ፎልደር»ን፣ «ኒው ፎልደር ሁለት»ን እና «ሪፖርት የመጨረሻ የመጨረሻ»ን እያለፈ፣ የኤክሴልን አረንጓዴ ምልክት በዓይኑ ሲያድን ይውላል። ሌላው ስታርትን ይጫንና ከኤ ተነስቶ ዝርዝሩን ቁልቁል ይወርዳል፤ ዎርድ ደብሊው ላይ ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዎርድ ራሱን ችሎ እንደሚከፈት የሰማ አይመስልም። ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ያወጣል፣ ውስጡን ይጠርጋል፣ አዲሱን ይጽፍበታል። ቀኑ የዘንድሮ፣ ቁጥሩ የአምና የሆነ ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚበሉት ግን የደብል ክሊክ ሰዎች ናቸው። ሂሳብ ክፍል ያሉ አንዲት እትዬ ማውሱን የሚጫኑት የጎረቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው። ቷ ቷ ያደርጋሉ፤ ዝም። ትንሽ ይጠብቁና ቷ ቷ፤ አሁንም ዝም። ከዚያ በኋላ ያለው ክሊክ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ቁጣ ይሆናል። ማሽኑ ግን የመጀመሪያውን ሰምቷል። የዘገየው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስላለው ነው፤ ፈጣን የሚባለው እንኳ በደቂቃ 7,200 ጊዜ እየተሽከረከረ ፕሮግራሙን ከየቦታው ቁራጭ በቁራጭ ይለቅማል። እስከዚያ የተጨመሩት ክሊኮች ወረፋ ይዘው ይቆያሉ፤ ቀናቸው ሲደርስ ሁሉም ተያይዘው ይመጣሉ። አንድ ዎርድ የፈለጉ ሴት ስድስት ባዶ ዎርድ ይረከባሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው፤ ትርፎቹን አንድ በአንድ ሲዘጉ የሚፈልጉትንም አብረው ይዘጉታል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር አንድ ነገር ሆኗል» ይሉታል የአይቲውን ልጅ።

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይጫኑና ይጠብቁት።»

«አንዴማ ተጫንኩት፤ ዝም ሲለኝ ነው እንጂ።»

«እየመጣ ነበር እኮ።»

«እየመጣ ከሆነ ታዲያ እየመጣሁ ነው አይልም?»

እውነታቸውን ነው። ፕሮግራም ሠሪዎቹ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የምትሽከረከር ትንሽ ክብ ናት፤ እሷም መምጣቱን እንጂ መቼ እንደሚመጣ ተናግራ አታውቅም። ዲስኩ በኤስኤስዲ የተቀየረለት ሰው ክቧን እምብዛም አያያትም፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ቁራጮቹን ለመልቀም አይዞርም። የኤስኤስዲ ግዢ እስኪፈቀድ ድረስ ግን እትዬ ማንኳኳታቸውን ቀጥለዋል።

ኤስኤስዲ ያልደረሰው ሰው ሪፍሬሽ ያደርጋል። ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፤ እንደገና በቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። ምልክቶቹ ብልጭ ብለው ይጠፉና ይመለሳሉ፤ የሰውየውም ፊት አብሮ ይፈካል። ሪፍሬሽ የምታደርገው ኤፍ 5 የምትባለው ቁልፍ ላይ ያለው ጽሑፍ በዚህ ምክንያት የጠፋበት ኪቦርድ አይቻለሁ። ሪፍሬሽ የሚያደርገው ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን ምልክቶች እንደገና አንብቦ መደርደር ብቻ ነው። ሜሞሪ አያጸዳም፣ ፕሮግራም አያፈጥንም። ይህን ለሚያምንበት ሰው መንገር ግን ጠብ መፈለግ ነው።

የአይቲው ልጅ ማውስ አይነካም። በግራ እጁ ኪቦርዱ ታችኛው ረድፍ ላይ መስኮት የተሳለባትን ቁልፍ መታ ያደርጋል፣ ሁለት ሦስት ፊደል ይጽፋል፣ ኢንተር ይላል። ለኤክሴል ኢ፣ ኤክስ፣ ሲ በቂ ነው፤ ቀሪውን ዊንዶውስ ራሱ ይገምታል። ሲያሻው ደግሞ ያችኑ ቁልፍ ይዞ 1ን ይጫናል፤ ታስክባር ላይ መጀመሪያ የተሰካው ፕሮግራም ይከፈታል። 2 ሁለተኛውን፣ 3 ሦስተኛውን። ይህ የቁጥር አቋራጭ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ማለት ነው፣ በእያንዳንዳችን ጣት ሥር ተቀምጧል። ማክ ያለው ሰውም አልተረሳም፤ ኮማንድና ስፔስን አብሮ ሲጫን ስፖትላይት የሚባለው መፈለጊያ ይመጣለታል፣ እሱም ከ2005 ጀምሮ።

ልጁ ሰው ሲያየው የባሰ ያደርጋል። የመስኮቷን ቁልፍና አርን አብሮ ይጫንና «ራን» የምትል ትንሽ ሳጥን ያወጣል። እዚያ ውስጥ ፕሮግራሞች የሚጠሩት በቤት ስማቸው ነው። ካልኩሌተር «ካልክ» ይባላል። የፓወርፖይንት ስም መሀሉ ተቆርጦ በስምንት ፊደል ይጻፋል፤ በዶስ ዘመን የፋይል ስም ከስምንት ፊደል እንዳይበልጥ የተደነገገው እስካሁን አልተነሳለትም። እትዬ ይህን ሲያዩ «ይሄ ልጅ ለጤናው ነው?» ብለው ዞር ይላሉ።

ትርኢቱ የሚበላሸው አማርኛ ሲጻፍ ነው። እኛ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ላይ ስለምንውል ኪቦርዳችን አማርኛ ላይ ነው። በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ ካልኩሌተርን ፈልጎ ሲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ሲ ብሎ የመታ ሰው «ቻልች» የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ኮምፒውተሩ ሳይከራከር «ቻልች» የሚባል ፕሮግራም ፍለጋ ይሰማራል፤ ሲያጣው ኢንተርኔት ላይ ልፈልግልህ ይላል። መድኃኒቱ አለ፦ የመስኮቷን ቁልፍና ስፔስን አብሮ መጫን ቋንቋውን ይቀይራል። ከዚያ ካልኩሌተሩን ከፍቶ፣ ደምሮ፣ ወደ ደብዳቤው ተመልሶ፣ ቋንቋውን እንደገና ቀይሮ «ጉዳዩ፦» ሲል በአቋራጭ ያተረፋት ሰከንድ የት እንደገባች እሱም አያውቅ።

እንዲያም ሆኖ ልጁን የምደግፍበት ምክንያት አለኝ። ስታርት የምትባለው ቁልፍ በዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 መጥታ ግራ ጥግ ተቀመጠች። በ2012 ዊንዶውስ 8 አነሳት። ሰው ሲጮህ በ2013 ተመለሰች። በ2021 ዊንዶውስ 11 ደግሞ ወደ መሀል አዛወራት። ዛሬ እጁ በልምድ ወደ ግራ ጥግ የሚሄድ ሰው ስታርትን ፈልጎ የአየር ሁኔታ ይከፈትለታል፤ ኤክሴል ሲያምረው ዝናብ መኖር አለመኖሩን አውቆ ይመለሳል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ መመለስ ይቻላል፤ ግን ማን ይነግረዋል? በዚህ ሁሉ መሀል የመስኮቷን ቁልፍ መታ አድርጎ ስም መጻፍ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እንደሠራ ነው። ማውስ የለመደ ሰው ምልክት በተዛወረ ቁጥር አዲስ ተማሪ ይሆናል፤ ስም የያዘ ሰው ምልክቱ የትም ቢዛወር ግድ የለውም።

በፍጥነቱ ግን ልጁ ብዙ አይኩራ። በአፕል ኩባንያ የኮምፒውተርና የሰው ግንኙነት ላይ ይሠራ የነበረው ብሩስ ቶኛዚኒ እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈው ነገር እስካሁን ያከራክራል። ተጠቃሚዎች ኪቦርድ ይፈጥናል ብለው ይምላሉ፣ ሰዓት ሲያዝ ግን የሚቀድመው ማውስ ነው ይላል። የሰጠው ምክንያት ደስ ይላል። የትኛውን ቁልፍ ልጫን ብሎ ማሰብ አእምሮን ስለሚይዝ ያለፈው ጊዜ አይታወቅም፤ ማውስ መግፋት ግን አሰልቺ ስለሆነ እያንዳንዷ ሰከንድ ትቆጠራለች። እሱ ያወራው ስለ ሜኑ ትእዛዞች ነው፤ ጣት ሳያስብ የሚያገኛት አንዲት ቁልፍ ላይ ክርክሩ የሚያሸንፍ አይመስለኝም። ሠላሳ አቋራጭ ሸምድዶ የትኛው የቱ እንደነበር ጣሪያ እያየ የሚያስታውሰውን ሰው ግን በደንብ አግኝቶታል።

ለመሆኑ በየቢሯችን ከሁሉም ፈጥኖ የሚከፈተው ፕሮግራም የትኛው ነው? ማንም ክፈተው ያላለው ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ቴሌግራም ቀድሞ ይገኛል፤ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ የስብሰባ ፕሮግራሙ፣ ፕሪንተሩ ከተሸጠ በኋላ የቀረው የፕሪንተር ፕሮግራም ይከተላሉ። እነሱ ሜሞሪውን ተካፍለው ሲያበቁ እትዬ ዎርድን ያንኳኳሉ። ዎርድ የዘገየው ቦታ አጥቶም ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ስታርትአፕ የሚለው ክፍል ውስጥ ያልተጠሩት እንግዶች ስማቸው ተዘርዝሯል። የማያስፈልገውን መርጦ «ዲስኤብል» ማለት ነው። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሲጠሩት ይመጣል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሠላሳ አቋራጭ አትሸምድዱ። የመስኮቷ ቁልፍ፣ ሁለት ሦስት ፊደልና ኢንተር ይበቋችኋል። ዲስኩ አሮጌ ከሆነ አንዴ ተጭናችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ያልጠራችሁትን ዛሬውኑ አስወጡ። በዚህ ሁሉ የምታተርፏትን ሰከንድ ግን አደራ፣ ለቴሌግራም አትስጧት።