ዘንድሮ ኦርላንዶ አልሄድንም

ካምቢዮው የሞተው መጋቢት ላይ ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ 4,600 ዶላር ሲለን፣ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ያን ያህል ገንዘብ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከመስከረም ጀምሮ በየደመወዙ እየቆነጠርን ያስቀመጥነው የኦርላንዶ ገንዘብ ነው። ያለ መኪና ደግሞ ባለቤቴ ሥራ መግባት አይችልም። ከፈልን።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስተን ዲዝኒ ወርልድ ሄደናል። ሰው «ለልጆች ብላችሁ ነው» ይለናል፤ እኔ ግን ለራሴም እንደሆነ አልደብቅም። ባለቤቴ ሌሊት፣ እኔ ቀን እንሠራለን። አራታችን ሳንቸኩል አንድ ላይ የምንቀመጠው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው ተሸክመን መኪና ውስጥ እናስገባለን። ስንቁ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙስ ሻይ ነው። ኢንተርስቴት 95ን ይዘን ወደ ደቡብ 1,350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንነዳለን። በሁለቱ ካሮላይናዎች ድንበር ያለው ባለ ትልቅ ባርኔጣ ማማ ሲታይ ልጆቹ ይጮኻሉ። ጆርጂያ ስንገባ ባለቤቴ በየዓመቱ ያንኑ ታሪክ ይጀምራል፤ ዋልት ዲዝኒ የፍሎሪዳውን መሬት ገዝቶ ፍጻሜውን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1966 መሞቱን፣ ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ሥራውን ተረክቦ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በሩን መክፈቱን፣ እሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ማረፉን። ትንሿ ልጄ ታሪኩን የምትወደው ታላቅ ወንድም ስላለበት ነው።

አንድ ዓመት እናቴ ከአዳማ መጥታ አብራን ሄዳለች። አኒማል ኪንግደም ውስጥ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አስመስለው የሠሩትን ሐራምቤን አልፈን በክፍቱ መኪና ስንዞር፣ ቀንዳቸው የትየለሌ የሆነ የአንኮሌ ከብቶች መንገድ ዳር ቆመው አየች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ተመስገን! እነዚህን ማን ያልባቸዋል?» አለች። አገር ቤት ተመልሳ ለጎረቤት ያወራችው ስለ ግንቡም ስለ ርችቱም አይደለም፤ ስለ ከብቶቹ ነው።

የዘንድሮውን መቅረት ያከበደብን ግን አንድ ቁጥር ነው፤ 44 ኢንች፣ ማለት 112 ሴንቲ ሜትር። ስፔስ ማውንቴን የሚባለውና ጨለማ ውስጥ የሚከንፈው ባቡር ላይ ለመሳፈር ይህን ቁመት መሙላት ግድ ነው። ዓምና ልጄን ሦስት ሴንቲ ሜትር አነሳት። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ለካቻት። ልጄ ተረከዟን አጋጥማ፣ አንገቷን መዘዝ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። አልደረሰችም። መቀመጫው አንድ በአንድ ከፊትና ከኋላ ስለሆነ ጎን ለጎን መሆን አይቻልም፤ ወንድሟ «ለከርሞ እኔ ከፊትሽ እቀመጣለሁ» ብሎ ቃል ገባላት። ዓመቱን ሙሉ ኩሽናው በር መቃን ላይ በእርሳስ ስንለካት ከረምን። ሚያዝያ ላይ ሞላች። ካምቢዮው ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ እኔና አባቷ ተሳሳትን። «አንሄድም» ብለን ቁርጡን አልነገርናቸውም። «እናያለን» እያልን ነሐሴ ደረሰ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ከሪችመንድ በፊት ያለ አንድ መዝናኛ ልንወስዳቸው አስበን፣ ደስ እንዲላቸው ብለን የት እንደምንሄድ ደበቅናቸው። በሌሊት ቀሰቀስናቸው። ፔርሙሱን ያዝን። እንቁላል ቀቀልኩ።

«95 ደቡብ» የሚለው ምልክት ሲያልፍ ልጁ ወደ እህቱ ጆሮ ሲጠጋ በመስታወቱ አየሁት። የነገራት ምን እንደሆነ ፊቷ ነገረኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያኔ ዞር ብዬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳን፤ ሁለቱ ከኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ባለቤቴ ፍሬቻ አብርቶ ከአውራ ጎዳናው ሲወጣ ልጄ «እማዬ፣ ለቤንዚን ነው አይደል የወጣነው?» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። የፍሎሪዳ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ አንዴ ዘንቦ ይተዋል፤ ይህኛው ተኝቶ ዘነበ። በመብረቁ ምክንያት መጫወቻው ሁሉ ቆመ። መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን እንቁላሉን በላን። ማንም አላለቀሰም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ማታ አባቴ ትዝ አለኝ። ንግሥን ከመዝናኛ እኩል ማድረጌ አይደለም፤ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚቀር ያየሁት ግን ከእሱ ነው። አባቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይሄድ ነበር። እግሩ የተሰበረ ዓመት መቅረቱን ለሁሉም ተናገረ። ቁመቱን በፈትል ለክቶ፣ በዚያው ልክ ጧፍ አሠርቶ፣ ለሚሄድ ጎረቤት ሰጠ። ከዚያ ወንበር አስወጥቶ፣ የሐረርን መንገድ ይዘው የሚያልፉትን ተጓዦች እጁን እያነሳ ሲሸኝ ዋለ። ቀረሁ ብሎ ቀረ፤ በሌላ ነገር አልሸፈነውም።

በማግስቱ ልጆቹን ቁጭ አድርገን ሁሉንም ነገርናቸው። ካምቢዮውን፣ ገንዘቡን፣ ልጁ አሥር ስለሞላው ትኬቱ በአዋቂ ሒሳብ መሆኑን። ሳንነግራቸው በመቆየታችን ይቅርታ ጠየቅን። ልጄ አለቀሰች፤ ወንድሟ አባበላት። የአያታቸውን ታሪክም ነገርኳቸው፤ ልጄ «ጧፉ ደረሰ?» ብላ ጠየቀች። ደረሰ አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን ወደ ኦርላንዶ ሲነሱ ዳቦ ቆሎ ሠርቼ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አራታችንም ልንሸኝ በራቸው ላይ ቆምን። ልጄ እናቴ ከላከችው ፈትል ላይ የተቆረጠ ክር ይዛ ነበር። ከመቃኑ ጋር አቁሞ የለካት ወንድሟ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ቋጥሮታል። ክሩን ለጓደኛዋ ሰጠቻትና ምን እንድታደርግ በጆሮዋ ነገረቻት።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ተላከልን። የስፔስ ማውንቴን መለኪያ ነው፤ ክሩ ከሥር እስከ ላይ ተወጥሮ ተይዟል። ከመስመሩ በሁለት ጣት ይበልጣል።