ፊት አይቶ ፈራጅ ሆይ!

«እኔ ሌባን ከሩቅ ነው የማውቀው፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል» አልከኝ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና ያለው ሱቅህ ደጃፍ ላይ ቆመህ። ከሩቅ ያየኸው ቆዳውንና ልብሱን ነው፤ ሌብነት ደግሞ ቆዳ ላይ አይበቅልም።

«ዓይን አይዋሽም» አልክ። በዚሁ በደቡብ አፍሪካ ስንት ጊዜ እንደዋሸ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ሰውን ሁሉ በዘር እየመደበ ሲመዘግብ፣ መልኩ ያከራከራቸውን ሰው ሹማምንቱ ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ይሰኩበት ነበር። እርሳሱ ከወደቀ ሰውየው ወደ ነጭ ይጠጋል፤ ከቆመ ወደ ታች ይወርዳል። ሳንድራ ላይንግ ከነጭ እናትና ከነጭ አባት ተወለደች። ቆዳዋ ጠቆር፣ ፀጉሯ ከርደድ ስላለ በ1966 ፖሊስ ከነጮች ትምህርት ቤት አስወጣት፤ መዝገቡም «ከለርድ»፣ ማለትም ቅይጥ ዘር፣ አላት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ! እናት ነጭ፣ አባት ነጭ፣ ልጅ ከለርድ። የማይዋሸው ዓይንህ ይኸው ነው።

«ያ የነጮቹ ሥራ ነው» አልክ። እሺ፣ የሌላውንም እንካ። በሜይ 2008 ከጆሃንስበርጉ አሌክሳንድራ ሰፈር ተነስቶ በባዕዳን ላይ የዘመተው ሁከት 62 ሰው ፈጀ። መንገደኛውን ያስቆሙና ክርናቸውን እያሳዩ «ይሄ በዙሉ ምን ይባላል?» ይሉት ነበር። «ኢንዶሎልዋኔ» ማለት ያቃተው ወዮለት። ከሟቾቹ 21ዱ ግን ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ከሊምፖፖ የመጡ ቬንዳዎችና ሻንጋኖች በጣም ጠቆሩ፣ አነጋገራቸውም ሌላ ነው ተብለው እንደ ባዕድ ተቆጠሩ። ባዕድን በመልኩ እለያለሁ ያለው የገዛ ወገኑን ገደለ።

«ወረቀትህን አውጣ» እያለ በር ለሚደበድበው፣ የባዕዳን አሳዳጁ ቡድን የኦፕሬሽን ዱዱላ ጎረምሳም መልስ አለኝ። ጄፒ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ነው የሚባለው። ራሂማ በኦገስት 9 ቀን 1956 የይለፍ ደብተርን ተቃውመው ፕሪቶሪያ የወጡትን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ከመሩት አራቱ አንዷ ናት። አያቶችህ አንይዝም ብለው የተሰለፉበትን ደብተር አንተ በእሷ ጎዳና ላይ ትጠይቃለህ? የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2025 መታወቂያ መጠየቅ ሥራችሁ አይደለም ብሏችኋል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ መንደር ውስጥ የነበረህ ሱቅ ተዘርፎ፣ በለበስከው ልብስ ብቻ ጄፒ ስትገባ አይቼሃለሁ። አፌ የሚከርርብህም ለዚህ ነው። ያ በደል የደረሰበት ሰው እንዴት መልሶ ይበድላል?

«እነዚህ ጥቁሮች» ትላለህ፤ አንተስ ምንህ ነጣ? ብርድ ልብስ ልትገዛ የገባችውን እናት አስታውስ። ዳሰስ አድርጋ ዋጋ ስትጠይቅህ፣ በአማርኛ «እጇን እያት» አልከው ሱቅህ የሚሠራውን ልጅ። ዞር ብላ አየችህ። አማርኛህ ባይገባትም ዓይንህ ገብቷታል። ከጉያዋ የተጠቀለለ ብር አውጥታ፣ ቆጥራ፣ ከፍላህ ወጣች። «ደህና ዋይ» እንኳ አላልካትም። ከኋላዋ የገባውን ነጭ ሰውዬ ግን ወንበር ስበህ አስቀመጥከው፤ እሱም ዋጋ ጠይቆ፣ ምንም ሳይገዛ ሄደ።

«አገሩ ሁሉንም አስተማረኝ» አትበለኝ። ማንዴላንም አስተምሯቸው ነበር። በ1962 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲሄዱ የተሳፈሩበት የእኛ የኢትዮጵያውያን አውሮፕላን አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው ደነገጡ፤ ጥቁር እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ወዲያው ግን የአፓርታይድ አስተሳሰብ እንደያዛቸው ነቁ፤ በግለ ታሪካቸውም ሳይደብቁ ጻፉት። በኋላ እዚያው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት፣ ዕድሜያቸውን ለዚህ ትግል የሰጡት ሰው ይህን ካመኑ፣ አንተ ለማመን ምን ያግደርድርሃል?

ዘራፊ የለም አላልኩህም። አለ፤ ጓደኞችህንም ቀብረሃል። በርህን ቆልፍ፣ ብረቱን አጥብቅ፣ ካሜራም ስቀል፤ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ማንም አይወቅስህም።

«ታዲያ ሌባውን በምን ልለየው?» አልከኝ።

በሰረቀው ነዋ!