አምስት መንገድ፣ አንድ 85

የአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምንኛ ታድለዋል! አያቶቻቸው 38 እና 47 ሲደመሩ 85 መሆኑን የሚያውቁባት መንገድ አንዲት መናኛ ነበረች፤ 8 እና 7፣ 15፤ 5 ጻፍ፣ 1 ያዝ። አለቀ። የዛሬው ልጅ ግን መጀመሪያ በቁጥር መስመር ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ቀጥሎ አሥሮቹንና አንዶቹን ለያይቶ ይበትናል። ከዚያ ከ47 ላይ 2 ተበድሮ 38ን 40 ያደርጋል። አሁንም አሥሮቹን በዘንግ፣ አንዶቹን በነጥብ ይስላል። አያቶቹ የሚያውቋትን መንገድማ አቀላጥፎ እንዲሠራባት የሚጠበቀው 4ኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ ምን ያስቸኩላል? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ አባት መሐንዲስ ቢሆን እንኳ የ2ኛ ክፍል ልጁን የቤት ሥራ ላግዝ ሲል «አባዬ፣ እንደሱ አይደለም» ይባላል። ልጁ እውነት አለው፤ አባትየው የሚያውቀው መልሱን ብቻ ነው።

ጥበቡ የትናንት አይደለም። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ደነገጠች፤ በ1960ዎቹም «አዲሱ ሒሳብ» መጥቶ ሕፃናት በአሥር በአሥር ሳይሆን በአምስት በአምስት እየጠቀለሉ እንዲቆጥሩ ተደረገ። የሒሳብ ሊቁ ሞሪስ ክላይን በ1973 ያወጣው መጽሐፍ ርዕስ «ጆኒ መደመር ለምን አቃተው?» የሚል ነበር። ጆኒ ቢያቅተውም ሐሳቡ ገብቶታል! በ2010 የወጣው የጋራ የትምህርት መመዘኛ ደግሞ አንድ አሳፋሪ መስመር አምልጦታል፤ ልጅ 3ኛ ክፍልን ሲጨርስ የማባዣ ሰንጠረዡን በቃሉ ይወቅ ይላል። በቃሉ! ደግነቱ መመዘኛውን ከመልመጃው ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ከ2 እስከ 9 ያለው ሰንጠረዥ፣ 7 በ8ን እና 8 በ7ን እንደ አንድ ከቆጠርናቸው፣ 36 ነገር ብቻ ነው። ስንት የዘፈን ግጥም ከጫፍ ጫፍ ለሚያወርድ ልጅ 36 ነገር ማሸከም ግን ጭካኔ ይባላል። ጭካኔው የሚቀርለት ልጅ በኋላ 56 ስድሳ አራተኛን አቃልል ሲባል ሁለቱም ቁጥሮች ውስጥ የተቀመጠው 8 አይታየውም፤ ነጥብ መሳል ይጀምራል። አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂት ቦታ 7 በ8 ከያዘው ለክፍልፋዩ ምን ይተርፋል?

«ሽምደዳ በቀቀን ያፈራል» ይሉናል። ያፈራል፤ ማባዛት ምን እንደሆነ ሳይገባው ሰንጠረዡን የሚያነበንብ ልጅ ሞልቷል፤ እኛም አገር አልጠፋም። መድኃኒቱ ትርጉሙን በአንድ ጥሩ ሥዕል አስረድቶ ማለማመድ ነበር እንጂ ልምምዱን በአራት ሥዕል መተካት አልነበረም። በ2008 ሪፖርቱን ያቀረበው የአሜሪካ ብሔራዊ የሒሳብ አማካሪ ቡድንም መረዳትና አቀላጥፎ ማስላት ተደጋጋፊ ናቸው አለ። ማን ጠየቀው? «ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ በሥዕል፣ ሌላው በቁጥር ይገባዋል» የሚሉም አሉ። ግሩም! ታዲያ የገባው ልጅ የቀሩትን ሦስቱን እንዲያሳይ ለምን ይገደዳል? ቤቱ የገባን ሰው «ሌላም መንገድ አለ» ብሎ እንደገና ከአውቶቡስ ተራ ማስነሣት እኮ ነው። አንዱን መንገድ ደጋግሞ ሳይለምደው አራተኛው ላይ የደረሰው ልጅ አሁን 5ኛ ክፍል ነው፤ ጓደኞቹ ክፍልፋይ ይደምራሉ፣ እሱ ሰባት ክብ ስሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ስምንት ነጥብ እያኖረ ነው። አራተኛው ክብ ላይ ደርሷል።