ይድረስ ለክቡር አቶ ኦሬንቴሽን

ጉዳዩ፦ «ሰዓቱ ስለገፋ» ተብሎ የሚዘለለው ነገር አስቀድሞ እንዲነገር መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ አድራሻዬ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በየዓመቱ ሻንጣውን የሚጎትተው ፍሬሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ወደ እርስዎ ሲገሰግስ በደጄ ያልፋል።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ለሁለት ሰዓት ተኩል የጠሩትን ሕዝብ አራት ሰዓት ላይ መቀበልዎ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ትራንስክሪፕት ላይ የማይወጣው ክሬዲት አወር ስላልተሰጠው ብቻ ነው። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ይደረጋል፤ ቀጥሎ ስለተደረገው ንግግር የምስጋና ንግግር ይደረጋል። ክልከላው ይከተላል፦ ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ መግባት ክልክል፣ ሣር መርገጥ ክልክል። ልጁ ከአዳራሹ ሲወጣ የተከለከለውን በቃሉ ይዞታል፤ የተፈቀደለትን ለማወቅ ግን ሁለተኛ ዓመት መድረስ አለበት።

«እዚህ እንደ ሃይስኩል አይደለም፣ አጥኑ» የምትለዋ ምክርዎም ልብ ትነካለች። የሚሰሙዎት እነማን መሰሉዎት? የ2014ቱንና የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከመቶው ግማሽ ነጥብ ያመጡት ሦስት ያህል ነበሩ፤ በ2016 አምስት ያህል። አንዳንዶቹም በሬሜዲያል ዳግም ተፈትነው የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የተፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው ስለሆነ የካፌውን ሽሮ እርስዎ ሳያስተዋውቋቸው ቀምሰውታል።

ድሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ በስሙ ጠርቶ መንገር ይቻል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የስድስት ኪሎ ግቢ እንዲያ ተገኘ። ጃንሆይም ሄዱ፣ ቤተ መንግሥቱም ተማሪ ቤት ሆነ፤ ደጅ ጥናቱ ግን በአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ከነማዕረጉ አለ። ለምን ቢሉ፣ የቱ ጉዳይ በየትኛው መስኮት እንደሚያልቅ እርስዎ አይናገሩማ!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ «ሰዓቱ ስለገፋ በአጭሩ» ይላሉ። በዚያች አጭር ውስጥ ተድበስብሶ የሚያልፈው ይኸውልዎ፦

የፍሬሽማን ውጤት የዲፓርትመንት ምደባን እንደሚወስን፣ ስለዚህ ሎጂክም ሳይኮሎጂም «ኮመን ኮርስ ነው» ተብሎ የማይናቅ መሆኑ።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ውል፣ ወረፋ ላይ ተሳስቆ የሚፈረም ቢመስልም፣ ነገ ከደመወዝ የሚቆረጥ ዕዳ መሆኑ።

የታመመ ልጅ የማቋረጫ (ዊዝድሮዋል) ቅጽ ሳይሞላ ሀገር ቤት ከገባ ለመመለስ መከራውን እንደሚያይ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ያላመጣ፣ ኮርሱን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ዲግሪ እንደማይሰጠው።

የፒያሳ ታክሲ ረዳት እንኳ መድረሻውን ሳይጮኽ ሰው አያሳፍርም!

እርስዎ የዘለሉትን ሲኒየር ይሞላዋል፤ ፒያሳ ወርዶ፣ በፍሬሹ ሂሳብ ማኪያቶ እየጠጣ። ሰውዬው ቸር ነው፤ ችግሩ መረጃው የገዛ ዘመኑ መሆኑ ነው። በ2016 የፈረሰችውን የፒያሳ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያን፣ ዛሬም ምልክት አድርጎ መንገድ እንደሚያሳይ፣ የተሻረውንም ደንብ በሙሉ ልብ ያስተምራል።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፦ አራቱን ነገሮች ከንግግሩ በፊት ይናገሩ፤ ከነቢሮ ቁጥራቸው በወረቀት አትመው ያድሉ፤ የጥያቄውን ሰዓት ለምሳ አይሠዉት።

ፍሬሾች ሆይ፣ እናንተ ግን በዚህ ደብዳቤ አሳብባችሁ እንዳትቀሩ። ሂዱ፣ የፊት ወንበር ያዙ፤ በንግግሩ ጊዜ ብታንቀላፉ ማንም አይቀየማችሁም። «ሰዓቱ ስለገፋ» ሲባል ግን እስክሪብቶ አውጡ፤ ኦሬንቴሽኑ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የመንገድ ዳር ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለሲኒየሮች (የማኪያቶ መብታቸው እንደተጠበቀ ሆኖ)
ለወላጆች (የወጪ መጋራቱን ውል ከልጃቸው ጋር አብረው እንዲያነቡ)
ለድምፅ ማጉያ ክፍል (የሚሰማ ከሆነ)