ውዳሴ ሥልጠና

በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የወረደው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ጎረቤቶች ሳይቀር ከዋጠ በኋላ፣ ከአደጋ የተረፈ ሰው ከእህልና ከድንኳን ሌላ ሰሚ ጆሮም እንደሚሻ ያልተረዳ የለም። ይህን ጆሮ ለማዘጋጀት የሚደክመውን፣ የተከበረውንና የተባረከውን የሁለት ቀን የሆቴል አዳራሽ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናችንን ሳያመሰግኑ ማለፍ ታዲያ ነውር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥቱ ይደንቃል፤ ባለሙያው ያለጊዜው ሠልጥኖ በከንቱ እንዳይንገላታ፣ አደጋው እስኪደርስ፣ በጀቱ እስኪለቀቅ፣ ደብዳቤው እስኪፈረም፣ ሐዘንተኛውም አርባውን እስኪያወጣ ይጠበቃል። የምልመላው ፍትሕማ ዕፁብ ነው! ከሐዘንተኛ ቤት የማትጠፋው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ እንዳትፈታ በርኅራኄ ትታለፍና፣ አበል ካየ የቆየው የፋይናንስ ባልደረባችን መሥዋዕትነቱን በታላቅ ትሕትና ይቀበላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዛል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። የታደምኩበት አዳራሽ ሦስቱንም አሟልቶ ፈጽሟል፤ ሠልጣኙ ስላይዱን አይቷል፣ የክቡርነታቸውን የመክፈቻ ንግግር እስከ ምሳ ድረስ አዳምጧል፣ ስልኩንም ከሶኬት ጋር አገናኝቷል። በሐዘንተኛ ፊት ዝም ብሎ ለመቀመጥ መለማመጃ የተያዘችው ሩብ ሰዓት ለቡድን ፎቶ ብትሰጥም፣ በፎቶው ላይ ሁሉም ዝም ብለው ስለታዩ ልምምዱ እንደተሳካ ተመዝግቧል። መመሪያው ተጎጂው የደረሰበትን እንዲተርክ አታስገድዱ ቢልም፣ ብልሆቹ አሠልጣኞቻችን ስድስት ገጽ ቅጽ አድለው የእናትን ልቅሶ በየሣጥኑ ምልክት የሚደረግበት ቀላል ጉዳይ አድርገውልናል።

ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረው እድር አልተጠራም፤ ደረሰኝ ስለማያቀርብ እንጂ በንቀት አይደለም። ሠልጣኞቹም የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስለተዛወሩ፣ ዕውቀቱ አደጋ ወዳልደረሰባቸው አካባቢዎች ሁሉ በስፋት ተሠራጭቷል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ለጋሾች ሆይ፣ ይህን ቅዱስ ሥርዓት በማሻሻል እንዳታበላሹብን እማጸናችኋለሁ። ቀጣዩ ሥልጠና ከቀጣዩ አደጋ በኋላ ይካሄዳል፤ አዳራሹ ከወዲሁ ተይዟል።