እታለም፣ ሰው አይጭንም

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤ ቢሾፍቱ።

እኔ ከጉልበቴና ከደም ግፊቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «አውሮፕላን ልገዛ ነው» እንዳልኩሽ መስመሩ መቋረጡ ጉድ አፈላብኝ። የአክስታችን ልጅ «ለዘመድ ትኬቱ ስንት ነው?» ብሎ ጽፎልኛል፤ እድርተኛውም «ቤት ሳይሠራ አውሮፕላን!» እያለ ነው አሉ። እባክሽ አስረጂልኝ፤ መሬት ላይ ቆመው በሪሞት የሚያበሩት ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል፣ ገላው ፎም፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐኪሙ «ከቤት ውጣ፣ ቀና በል» ይለኝ ነበር፤ ይኸው ቀና አልኩ።

ልጅሽ «ጋሼ፣ ኤፍ-5 ግዛ» ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። አልፈርድበትም፤ እኛስ ሐረር ሜዳ አየር ኃይል አጥር ሥር ያደግነው ያንኑ እያየን አይደል? ግን ተዋጊ ጄት ክንፉ አጭር ነው፤ ካልፈጠነ አየር አይሸከመውም። እሱ ሲፈጥን ደግሞ እኔ ገና መነጽሬን እያስተካከልኩ ነኝ። ለጀማሪ የሚሆነው እንደ ሴስና ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ረጅምና ወፈር ያለ፣ ጫፎቹ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ያሉ ነው። ወደ ጎን ሲያዘነብል ዝቅ ያለው ክንፍ የበለጠ አየር ያገኝና መልሶ ይነሣል። ስለዚህ ግራ ሲገባ የመጀመሪያው ምክር «እጅህን ልቀቅ» ነው። እታለም ሙች፣ በስደት ዘመኔ ሁሉ «አንተ ተወው፣ ራሱ ይስተካከላል» ያለኝ አንድም ሰው የለም።

መደብሩ ውስጥ ሻጩ «ለልጅ ልጅህ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። የልጅ ልጄ ገና ጥርስ አላበቀለችም።

ምርጫዬ በሁለት ተያዘ። ኤሮስካውት የሚሉት አነስ ያለ ነው፤ ውልብልቢቱ ከኋላ ስለሆነ በአፍንጫው ቢተከል እንኳ በቀላሉ አይሰበርም። አፕረንቲስ ደግሞ ትልቁ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ራቅ ሲል ተርብ ያክላል፤ ወደ እኔ ይምጣ ከእኔ ይሽሽ ዓይኔ አይለይም። ከዓይኔ ጋር ተማክሬ ትልቁን ወሰድኩ። በውስጡ ከመጠን በላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው መሣሪያ አለው። ሪሞቱ ላይም ለድንጋጤ ጊዜ የሚጫኗት ቁልፍ አለች፤ ከፍታ እስካለ ድረስ ወዲያው ታቀናዋለች። ለኮሙኒቲያችን ጠቅላላ ጉባኤም እንዲህ ያለች ቁልፍ ብትኖር!

የሚያስቸግረው አቅጣጫው ነው። ከአንቺ ሲርቅ ቀኙ ቀኝሽ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ግን ቀኙ ግራሽ ይሆናል። መላው፣ ወደ አንቺ ሲመጣ የሪሞቱን ዘንግ ወደ ወረደው ክንፍ መግፋት ነው። ይህን በኮምፒውተር ማለማመጃ ተለማመድኩ፤ እዚያ የከሰከስኩት አውሮፕላን ቢቆጠር አንድ አየር መንገድ ያከስር ነበር።

የአሜሪካን ሕግ ልንገርሽ። ከ250 ግራም በላይ ከሆነ አብራሪው 5 ዶላር ከፍሎ ለ3 ዓመት ይመዘገባል፤ ቁጥሩንም አውሮፕላኑ ላይ ይለጥፋል። ነፃ ፈተናም አለው። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ በዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 የባሕር ማይል፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ውስጥ ናት። ይህ ፎም ለቤተ መንግሥቱ የሚያሰጋ ሆኖ፣ እኔ ሜሪላንድ ገጠር ድረስ እነዳለሁ። እዚያም ቢሆን ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም።

ማብረር የሚያስተምረኝ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የእሱና የእኔ ሪሞት የተገናኙ ናቸው፤ ሳበላሽ አንዲት ቁልፍ ይለቅና መሪውን ይወስድብኛል። እሱ በስሜ ይጠራኛል፤ እኔ ግን አንቱ ልለው ይዳዳኛል።

ባለቤቴ የተቀየመችው በባትሪው ነው። ሊቲየም ስለሆነ ቢበላሽ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ቻርጅ ሲደረግ አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። ወንበር አምጥቼ ስጠብቀው አየችና «ሽሮ እንዳይገነፍል እይ ብልህ የማትቆም ሰውዬ!» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። ኮፍያ ያደረገው ልጅ አስተማሪዬ ነውና የልጅ ልጁ ነው ብለሽ እንዳታወሪ፤ ሰው ያምንሻል። በርበሬው እያለቀ ስለሆነ የሚመጣ ሰው ስታገኚ አደራ።

ወንድምሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ